ታናሽ አገር በታላላቆች ደጅ፤ የሪጋው የስኮንቶ ኳስ ማኅበር አነሣሥና አወዳደቅ

የአንድ ሕዝብ ስም በዓለም ፊት የሚጠራው በጦሩ ብዛት ወይም በመሬቱ ስፋት ብቻ አይደለም። ታናሽ አገር በእጅ ሥራዋ፣ በዜማዋና በትምህርቷ፣ አንዳንድ ጊዜም ላላወቀው ሰው ተራ ጨዋታ መስሎ በሚታይ ነገር ስሟን ታስጠራለች። ለዚህ ነገር ምስክር ከሚሆኑት አንዱ በባልቲክ ባሕር አጠገብ የምትገኘው የላትቪያ ዋና ከተማ የሪጋ የእግር ኳስ ማኅበር፣ ስኮንቶ የተባለው ክለብ ነው። ይህ ማኅበር የአገሩ ነጻነት በተመለሰበት ዓመት ተነሥቶ 14 ዓመት ሙሉ በአገሩ ነገሠ፤ የኤውሮፓን ታላላቅ ክለቦች በሜዳቸው ገጠመ፤ በመጨረሻም የወደቀው በባላጋራ እጅ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ዕዳ ነው። ታሪኩ የኳስ ታሪክ ቢሆንም፣ ማኅበርን ወይም መሥሪያ ቤትን ለማስተዳደር አደራ ለተቀበለ ሰው ሁሉ የሚናገረው ቃል አለው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ላትቪያ የመሬቷ ስፋት ከ65 ሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ የማይበልጥ፣ የሕዝቧም ቍጥር ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን በታች የሆነ አገር ናት። በ1918 ነጻነቷን ዐውጃ ሃያ ዓመት ያህል ራሷን ካስተዳደረች በኋላ በ1940 የሶቪየት መንግሥት ያዛት፤ በ1941 የጀርመን ጦር ገባባት፤ ጦርነቱም ሲያልቅ ተመልሳ በሶቪየት ሥር ሆነች። ስለዚህ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የላትቪያ ልጆች በዓለም አደባባይ ኳስ የተጫወቱት በሌላ መንግሥት ስም ነበር። ዳውጋቫ የተባለው የሪጋ ክለብ በሶቪየት ውድድር ውስጥ ይሰለፍ ነበር እንጂ፣ ላትቪያ የምትባል አገር በኤውሮፓ የኳስ መዝገብ ላይ ስሟ አልነበረም። በነሐሴ 1991 ነጻነቷ ሲመለስ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን እንደ ገና እንዳቋቋመ ሁሉ ኳስ ወዳዱም ሕዝብ የራሱን ውድድር እንደ ገና ማቋቋም ነበረበት።

የስኮንቶ ማኅበር የተመሠረተው በዚሁ በ1991 ዓመት ነው። ስሙን ያገኘው በዚያ ዘመን በሪጋ ከተነሣው ስኮንቶ ከተባለው የንግድ ድርጅት ሲሆን፣ የድርጅቱም ባለቤት ሙሴ ጉንቲስ ኢንድሪክሶንስ የማኅበሩ መሪ ነበሩ። እኚሁ ሰው ኋላ ከ1996 ጀምሮ እስከ 2018 ድረስ የመላው ላትቪያ የእግር ኳስ ፌደሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማኅበሩ በተመሠረተበት ዓመት የአገሩን ሻምፒዮንነት አገኘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ደገመው፤ እንዲህ እያለ እስከ 2004 ድረስ 14 ጊዜ በተከታታይ ዋንጫውን ማንም ሳይነጥቀው ቆየ። በዚያው ዘመን በኖርዌይ ሮዘንቦርግ የተባለው ስመ ጥሩ ክለብ በተከታታይ ያገኘው ሻምፒዮንነት 13 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ክለቦች በኤውሮፓ የስኮንቶን ቍጥር ደርሰውበታል፤ ነገር ግን በዘመኑ ይህ ሥራ እጅግ የሚያስደንቅ ነበር።

ይሁን እንጂ በገዛ አገሩ የነገሠ ሁሉ በጎረቤት አገር ይነግሣል ማለት አይደለም። የስኮንቶ ፈተና የተጀመረው ከላትቪያ ወሰን ወዲያ ነው። በ1992 የኤውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ውድድር ላይ በመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ የፌሮ ደሴቶችን ሻምፒዮን ክላክስቪክን አሸነፈ፤ ኋላ ግን በፖሎኛው በሌክ ፖዝናን ተሸንፎ ተመለሰ። በ1993 የስሎቬኒያውን ኦሊምፒያ ሉብሊያናን ገጠመ። ሁለቱ ክለቦች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጨዋታ 1 ለ0 ስላሸነፉ ነገሩ በፍጹም ቅጣት ምት እንዲለይ ሆነ፤ መምታቱም ረዝሞ ስኮንቶ 11 ለ10 አለፈ። ከዚያ በኋላ የመጣበት የመስኮቡ ስፓርታክ ሞስኮ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሪጋን ከምታስተዳድረው ከተማ የመጣው ይህ ክለብ በአንዱ ጨዋታ 5 ለ0፣ በሌላው 4 ለ0 አሸነፈው። በጠቅላላው 9 ለ0 ማለት ነው። ነጻነት በአዋጅ በአንድ ቀን ሊገኝ ይችላል፤ ችሎታ ግን በብዙ ዓመት ድካም ካልሆነ በቀር የማይገኝ መሆኑን ይህ ሽንፈት ለሪጋ ሰዎች አስተማራቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን የሚያጠብቅ ሌላ ሥርዐት ወጣ። የኤውሮፓን ኳስ የሚያስተዳድረው ዩኤፋ የተባለው ኅብረት ከ1994 ጀምሮ በሻምፒዮኖች ሊግ የሚሰለፉትን ክለቦች ወደ 24 ዝቅ ስላደረጋቸው፣ የታናናሾቹ አገሮች ሻምፒዮኖች ከታላቁ ውድድር ተለይተው ወደ ሁለተኛው፣ የዩኤፋ ዋንጫ ወደሚባለው ውድድር ተላኩ። ከተላኩትም አንዱ ስኮንቶ ነበር። ነገር ግን እንደ ውርደት የተቈጠረው መንገድ ለክብር ሆነ። በ1994 የስኮትላንድ ክለብ አበርዲን ወደ ሪጋ መጣ፤ ይህ ክለብ ከ11 ዓመት በፊት የእስፓንያውን ሪያል ማድሪድን በፍጻሜ ጨዋታ አሸንፎ የኤውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን የወሰደ ነው። ጨዋታው በሪጋ 0 ለ0፣ በአበርዲን ሜዳ 1 ለ1 ተፈጸመ። እስከ 2021 በሥራ ላይ በነበረው ሕግ መሠረት፣ ሁለት ክለቦች በድምር እኩል በሆኑ ጊዜ በባዕድ ሜዳ ብዙ ግብ ያገባው ያልፍ ስለ ነበር፣ ያች በስኮትላንድ የገባች አንዲት ግብ ስኮንቶን አሳለፈችው። በሚቀጥለው ዙር ግን የኢጣልያው ናፖሊ በሁለቱም ጨዋታ አሸነፈው።

በ1997 ሥርዐቱ እንደ ገና ተለወጠ። ለታናናሾቹ አገሮች ሻምፒዮኖች የታላቁ ውድድር በር ተመልሶ ተከፈተላቸው፤ ነገር ግን በበሩ ላይ የማጣሪያ ግጥሚያ ተደረገ። በዚያው ጊዜ ደግሞ ከታላላቆቹ አገሮች ሻምፒዮኑ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ የወጣውም ክለብ እንዲገባ ተፈቀደ። የውድድሩ ስም የሻምፒዮኖች እንደ ሆነ ቀረ፤ ውስጡ ግን ሻምፒዮን ላልሆኑትም ቦታ አገኘ።

የዚህን ሥርዐት ክብደት በትከሻው የተሸከመው ስኮንቶ ነው። በ1997 የማልታውን ቫሌታን ካሸነፈ በኋላ በማጣሪያው ላይ የተገናኘው ከባርሴሎና ጋራ ነበር። ባርሴሎና በእስፓንያ በዚያ ዓመት የወጣው ሁለተኛ ነው፤ በአሮጌው ሥርዐት ቢሆን ኖሮ በዚህ ውድድር ቦታ አልነበረውም። ባርሴሎና መቶ ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ሜዳና የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ያሉት ሀብታም ክለብ ሲሆን፣ ሊገጥሙት የሄዱት ደግሞ ዋና ከተማቸው ሪጋ እንኳ ከእግር ኳስ ይልቅ የበረዶ ሆኪን የሚወድ የአንድ ታናሽ ሕዝብ ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው ያሰበው ነገሩ በብዙ ግብ እንደሚያልቅ ነበር። ነገር ግን ባርሴሎና በገዛ ከተማው ያሸነፈው 3 ለ2 ብቻ ነው፤ በሪጋም የተገኘው ውጤት 1 ለ0 ነበር። ሁለቱም ጨዋታ የተለየው በአንድ አንድ ግብ ነው። ይኸው ባርሴሎና በዚያው ዓመት የእስፓንያን ሊግና የንጉሡን ዋንጫ አንድ ላይ ወስዷል።

በ1998 ስኮንቶ የቤሎሩስን ዲናሞ ሚንስክን አልፎ እንደ ገና በበሩ ላይ ቆመ፤ በዚያም የጠበቀው የኢጣልያው ኢንተር ሚላን ነበር። ኢንተርም በአገሩ ሁለተኛ የወጣ ክለብ ነው። ስኮንቶ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። በ1999 የሉክሰምበርግን ዠነስ ኤሽን በአንዱ ጨዋታ 8 ለ0 እስከ መምታት ደርሶ አሸነፈ፤ ቀጥሎም የሮማንያውን ሻምፒዮን ራፒድ ቡካሬስትን በመጀመሪያ 3 ለ3፣ በሪጋም 2 ለ1 በማድረግ አለፈው። አሁን በእርሱና በምድቡ ውድድር መካከል የቀረው አንድ ክለብ ብቻ ነበር፤ እርሱም የለንደኑ ቼልሲ ነው። ቼልሲ በእንግሊዝ የወጣው ሦስተኛ ነበር። በለንደን ሜዳ እስከ 75ኛው ደቂቃ ድረስ ስኮንቶ ግብ ሳይገባበት ቆየ፤ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ግን ሦስት ግብ ገባበት። በሪጋ የተደረገው መልስ 0 ለ0 ተፈጸመ። ቼልሲም አልፎ ሄዶ በዚያ ውድድር እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል።

እንግዲህ ነገሩን በሚዛን ለሚመለከት ሰው፣ በሦስት ተከታታይ ዓመታት የላትቪያን ሻምፒዮን ከሻምፒዮኖች ውድድር በር የመለሱት በአገራቸው ሁለተኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡ ክለቦች ናቸው። ለዚህ አሠራር የሚከራከሩ ሰዎች፣ ከታላቅ አገር ሦስተኛ የወጣው ከታናሽ አገር አንደኛ ከወጣው ይበልጣልና ውድድሩ ብርቱዎችን ቢሰበስብ ይሻላል ይላሉ፤ በሜዳውም የታየው ውጤት ይህን የሚያስተባብል አይደለም። ነገር ግን ብርታት ራሱ በሀብት የሚገኝ፣ ሀብቱም በውድድሩ ውስጥ ለገባው ብቻ የሚከፈል ከሆነ፣ ከደጅ የቀረው ሁልጊዜ ደካማ ሆኖ ይቀራል፤ ኋላም ደካማ ስለ ሆነ በደጅ መቅረቱ ተገቢ ነው ይባላል። ስኮንቶ በተሰለፈበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ምድቡ ውድድር ሳይገባ ቀርቷል። ይሁንና 14ቱ ዓመት በከንቱ አልፏል ማለት አይቻልም።

ፍሬው የታየው በሌላ ስፍራ ነው። ማኅበሩን ከ1993 ጀምሮ 11 ዓመት ያህል ያሠለጠኑት ሙሴ አሌክሳንድርስ ስታርኮቭስ ከ2001 ጀምሮ የአገሩንም ብሔራዊ ቡድን ደርበው ያዙ። በበጋና በክረምት አብረው የኖሩት፣ በባርሴሎናና በለንደን ሜዳ ላይ የተፈተኑት ልጆች የአገሩን ማልያ ለበሱ። ከእነርሱም ማሪያንስ ፓሃርስ በ1999 ወደ እንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን፣ ኢጎርስ ስቴፓኖቭስ በ2000 ወደ አርሰናል ሄደው ነበር። በኅዳር 2003 ላትቪያ ለኤውሮፓ ዋንጫ ለማለፍ የገጠመችው ቱርክን ነው፤ ቱርክም ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣች ነበረች። በሪጋ ላትቪያ 1 ለ0 አሸነፈች። በኢስታንቡል ቱርክ 2 ለ0 ከመራች በኋላ ላትቪያውያን ሁለት ግብ አግብተው 2 ለ2 አደረጉት። በሪጋም በኢስታንቡልም የመጨረሻይቱን ግብ ያገባው የስኮንቶው ማሪስ ቬርፓኮቭስኪስ ነው። በ2004 በፖርቱጋል በተደረገው የኤውሮፓ ዋንጫ ላትቪያ ከጀርመን ጋራ 0 ለ0 ወጣች። ከ13 ዓመት በፊት በካርታ ላይ ስሟ ለብቻው የማይጻፍ አገር ሦስት ጊዜ ዓለምን ድል ያደረገችውን ጀርመንን አቆመቻት። ስኮንቶ በበሩ ላይ ቆሞ የዘራውን አገሩ በውስጥ ገብታ አጨደችው።

ነገር ግን መኸሩ በሚሰበሰብበት በዚያው ዓመት የቤቱ ምሰሶ መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። በ2003 በጋ፣ ቱርክ ከመሸነፏ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ስኮንቶ በማጣሪያው መጀመሪያ ላይ በማልታው ስሊማ ዎንደረርስ ተሰናከለ። በማልታ 2 ለ0 ተሸንፎ፣ በሪጋ 3 ለ1 ቢያሸንፍም፣ ከ9 ዓመት በፊት በአበርዲን ላይ የጠቀመው የባዕድ ሜዳ ግብ ሕግ አሁን በራሱ ላይ ተፈረደበት። በ2005 ደግሞ የሊፓያው ሜታሉርግስ የተባለ ክለብ የአገሩን ሻምፒዮንነት ወስዶ የ14 ዓመቱን ሰንሰለት በጠሰው።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል፣ አንደኛው ምክንያት ከረዥሙ ድል ራሱ ጋራ የተያያዘ ነው። ባለ ተቀናቃኝ የሌለው ሯጭ ፍጥነቱን የሚለካበት ስለሌለው፣ ባዕድ አገር እስኪደርስ ድረስ መድከሙን አያውቅም። ሁለተኛው ምክንያት፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ጥቂት ዓመት ከቆዩ በኋላ ወደ ሀብታሞቹ አገሮች መሄዳቸው ነው፤ የ1995ቱ የኤውሮፓ ፍርድ ቤት ውሳኔ ውላቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ያለ ክፍያ ወደ ሌላ ክለብ እንዲሄዱ ከፈቀደ ወዲህ የታናናሽ ክለቦች ጎተራ በቀላሉ የሚራቈት ሆኗል። ሦስተኛውና ጽኑው ግን ማኅበሩ ስሙንም ሀብቱንም ከአንድ ቤት ያገኘ መሆኑ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። በሺህ የሚቈጠሩ ደጋፊዎች ከፋፍለው ቢይዙት ጌጥ የሚሆን ሸክም፣ አንድ ትከሻ ብቻ ሲሸከመው ትከሻው በደከመ ቀን ሁሉም ይወድቃል።

አወዳደቁም በአንድ ቀን አልነበረም። በ2010 ስኮንቶ 15ኛውን ሻምፒዮንነት አገኘ፤ በ2012 የላትቪያን ዋንጫ ወሰደ፤ ከሩቅ ለሚያየው ቤቱ የቆመ ይመስል ነበር። በውስጡ ግን ዕዳ እየተከመረ ሄደ። በ2015 በአገሩ ሊግ ሁለተኛ ወጥቶ እያለ፣ ለ2016 የሚያስፈልገውን የገንዘብ ሁኔታ ስላላሟላ በከፍተኛው ሊግ የመጫወቻ ፈቃድ ተከለከለ፤ ወደ ታችኛውም ክፍል ወረደ። በዚያው በ2016 መጨረሻ ማኅበሩ መክሰሩ ተረጋግጦ ፈረሰ። ባርሴሎናና ቼልሲ በሜዳ ላይ በጭንቅ ያሸነፉትን ክለብ በቀላሉ የጣለው የሒሳብ መዝገብ ነው። በኳስ ሜዳ የተሸነፈ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ በሒሳብ የተሸነፈ ግን መመለሻ የለውም።

ከስኮንቶ በኋላ በሩን ያንኳኩ ሌሎች የላትቪያ ክለቦች ተነሥተዋል። ቬንትስፒልስ የተባለው በ2009 ከአገሩ ክለቦች በመጀመሪያ ወደ ኤውሮፓ የምድብ ውድድር ገባ፤ በዚያም አንድ ጨዋታ ባያሸንፍም ከጀርመኑ ሄርታ በርሊንና ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ ጋራ በባዕድ ሜዳ 1 ለ1 ወጥቷል። ነገር ግን ይህ ክለብ በ2021 በውጤት ማጭበርበርና በጉቦ ጉዳይ በዩኤፋ ፍርድ ለሰባት ዓመት ከኤውሮፓ ውድድር ታገደ፤ በዚያው ዓመትም ፈረሰ። አንዱን ቤት ዕዳ፣ ሁለተኛውን ቤት እምነት ማጕደል አፈረሰው። የሪጋው አር ኤፍ ኤስ ግን በ2022 በኢጣልያው ፊዮረንቲና ሜዳ 1 ለ1 ወጣ፤ በጥር 2025 ደግሞ አራት ጊዜ የኤውሮፓ ሻምፒዮን የሆነውን የሆላንዱን አያክስን በሪጋ 1 ለ0 አሸነፈ። ስኮንቶ 14 ዓመት ያንኳኳውን በር ሌላው ገብቶበት በውስጡ ድል አደረገ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ከኳስ ሜዳ ያልፋል። የታላላቆች በር ጠባብ መሆኑ እውነት ነው፤ ሥርዐቱንም የሚያወጡት በውስጥ ያሉት ናቸው። ይሁን እንጂ በበሩ ጥበት ብቻ እያመካኙ የቤትን ምሰሶ አለመጠበቅ ጥፋት ነው። ስኮንቶ በበሩ ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሶ አልሞተም፤ እንዲያውም ከእያንዳንዱ ሽንፈት አንድ ነገር እየተማረ ለአገሩ ልጆችን አፈራ። የሞተው ገቢና ወጪ በተዛነፈ ጊዜ ነው። አንድን ማኅበር፣ አንድን ትምህርት ቤት ወይም አንድን ደብር እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሰው፣ ከደጅ የሚመጣውን ባላጋራ ከመፍራቱ በፊት ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባዋል፤ ይኸውም ሸክሙ በስንት ትከሻ ላይ እንዳረፈ፣ መዝገቡ በእውነት የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ከእርሱም በኋላ ሥራውን የሚቀበል ሰው መዘጋጀቱን ነው።

ስኮንቶ በ2000 በሪጋ ያስከፈተው ሜዳ ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላም በዚያው ስም ሲጠራ ቆይቷል። የሚጫወቱበት ሌሎች ክለቦች ናቸው። በግንቡ ላይ ስሙ አለ፤ ስሙን ለብሶ ወደ ሜዳ የሚገባ ግን የለም።